የገና ታሪክ በቴሌቪዥን፤ የደመወዝም ነገር

በገና ሰሞን በእንግሊዝና በአሜሪካ አገር ቤተ ሰብ ተሰብስቦ ከሚያነበውና ከሚያየው ታሪክ አንዱ የስስታሙ ስክሩጅ ታሪክ ነው። ደራሲው እንግሊዛዊው ቻርልስ ዲክንስ ሲሆን መጽሐፉ በ1843 ዓ.ም. በዲሴምበር ወር በሎንዶን ከተማ ታተመ፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠራው ዘመን ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ነው። መጀመሪያ የታተመው 6,000 መጽሐፍ በዓሉ ሳይደርስ ተሸጦ አለቀ። ከዚያ ወዲህ በቴያትር፣ በሲኒማና በራዲዮ፣ ኋላም በቴሌቪዥን እየተደጋገመ ቀርቧል።

ቴሌቪዥን ገና አዲስ ነገር በነበረበት ዘመን ጨዋታው አብዛኛውን ጊዜ ተዋንያኑ ሲጫወቱ በዚያው ሰዓት ይተላለፍ ነበር። በ1943 ዓ.ም. በኒውዮርክ ከተማ ከዱሞንት ጣቢያ የታየው የስክሩጅ ታሪክ እንደዚሁ ነበረ፤ ታይቶም አለፈ። በ1949 ዓ.ም. በአሜሪካ የተዘጋጀው ግን አስቀድሞ በፊልም ተነሥቶ ለየጣቢያው የተላከ ስለ ሆነ እስከ ዛሬ ሊታይ ይቻላል። ርዝመቱ ግማሽ ሰዓት አይሞላም፤ ሥዕሉም ጥቁርና ነጭ ነው። ስክሩጅን ሆኖ የሚጫወተው ቴይለር ሆልምስ ነው። ስመ ጥሩው ተዋናይ ቪንሰንት ፕራይስም በወንበር ተቀምጦ መጽሐፍ ይዞ፣ አባት ለልጆቹ እንደሚያነብ አድርጎ ታሪኩን ይተርካል። ይህም አቀራረብ ለነገሩ የተስማማ ነው፤ መጽሐፉ ከጥንት ጀምሮ በየቤቱ ጮክ ተብሎ ሲነበብ የኖረ ነውና።

ነገር ግን አንድ ሙሉ መጽሐፍ በዚህን ያህል አጭር ጊዜ ሲነገር የሚቀረው ብዙ ነው። በልጆችም ልብ የሚያድረው በሰንሰለት ታስሮ የሚመጣው የሙት መንፈስና በምርኩዝ የሚሄደው ሕመምተኛው ሕፃን ቲም ነው። በዚያም ምክንያት የታሪኩ ዋና ፍሬ ሳይስተዋል ያልፋል፤ እርሱም የደመወዝ ነገር ነው። ይህን የማስረዳት ሥራ የወላጆች ነው።

ስክሩጅ ባለጠጋ ነጋዴ ነው። ቦብ ክራቺት የሚባል አንድ ጸሐፊ አለው። ጸሐፊው በብርድ ወራት ከአንዲት ፍም በማትበልጥ እሳት አጠገብ ተቀምጦ ይጽፋል፤ የከሰሉን ሣጥን ጌታው ከራሱ ክፍል ስለሚያኖረው ሊጨምር አይደፍርም። ደመወዙ በሳምንት 15 ሽልንግ ነው፤ በዚያ ዘመን 20 ሽልንግ አንድ ፓውንድ ስለ ነበረ አንድ ፓውንድ እንኳ አይሞላም። በዚህ ገንዘብ ሚስቱንና ስድስት ልጆቹን ያስተዳድራል። ጌታው ግን ለልደት በዓል አንዲት ቀን ዕረፍት ሲሰጠው፣ ያልተሠራበትን የቀን ዋጋ እንደ ተዘረፈ ቈጥሮ ያጕረመርማል። እንግዲህ የሕፃኑ የቲም ሕመም ከየት የመጣ ብቻ አይደለም፤ በሕመሙ እንዳይሞት የሚያደርገው መድኃኒትና ምግብ በማን እጅ ተይዞ እንደ ኖረ ከዚህ ይታወቃል።

ዲክንስ ይህን የጻፈው ችግርን በወሬ ብቻ ሰምቶ አይደለም። በ1824 ዓ.ም. አባቱ ስለ ዕዳ ማርሻልሲ በሚባለው ወህኒ ቤት በታሰረ ጊዜ፣ እርሱ የ12 ዓመት ልጅ ሳለ በጫማ ቀለም ፋብሪካ ገብቶ በቀለም ማሰሮ ላይ ወረቀት ሲለጥፍ ይውል ነበር። በ1843 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ስለ ሕፃናት ሠራተኞች ያስመረመረውን ጽሑፍ አንብቦ እጅግ አዘነ። በመጀመሪያ ስለዚሁ ነገር የክርክር ጽሑፍ ሊያወጣ አስቦ ነበር፤ ኋላ ግን ታሪክ ከክርክር ይልቅ ወደ ሰው ልብ ዘልቆ እንደሚገባ አይቶ ይህን መጽሐፍ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ጻፈ።

በታሪኩ ፍጻሜ ስክሩጅ በልደት ማለዳ ተጸጽቶ ሲነሣ አስቀድሞ ተርኪ የሚባለውን ትልቅ ዶሮ ገዝቶ ወደ ጸሐፊው ቤት ይልካል። ብዙ ተመልካች በዚህ ደስ ብሎት ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ ዶሮው በአንድ ቀን ይበላል፤ በማግሥቱም ድህነቱ እንደ ነበረ ይቈያል። በማግሥቱ ቦብ ክራቺት 18 ደቂቃ ተኩል ዘግይቶ ወደ ሥራው ሲገባ፣ ጌታው እንደ ልማዱ የሚቈጣ መስሎ ካስደነገጠው በኋላ ደመወዙን እንደሚጨምርለትና ቤተ ሰቡን እንደሚረዳ ይነግረዋል፤ ሌላ የከሰል ዕቃም እንዲገዛ ያዝዘዋል። እውነተኛው ንስሓ ይህ ነው። ስጦታ የአንድ ቀን ደስታ ሲሆን የተገባ ደመወዝ ግን የዓመቱ ሁሉ እንጀራ ነው።

ወላጆች ሆይ፤ ልጆቻችሁ ይህን ፊልም ሲያዩ እንባቸውን ለቲም ብቻ እንዳያፈስሱ፣ «የአባቱ ደመወዝ ስንት ነበረ?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ቀጥሎም እናንተ ራሳችሁ ቤታችሁን መርምሩ። በበዓል ዋዜማ ወጥ የምትሠራላችሁ፣ ልጅ የምትይዝላችሁ፣ በደጃችሁ የሚያድረው ዘበኛ፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ማዕድና የሚጠብቃቸው ወገን አላቸው። ደመወዛቸው ከበዓሉ በፊት በእጃቸው ይግባ፤ ከማዕድ የተረፈው ምግብና ያረጀው ልብስም እንደ ደመወዝ አይቈጠር። በበዓሉ ቀን መሄድ የማይችል ቢኖር ሌላ ቀን ተለይቶ ይሰጠው፤ ቀኑም አስቀድሞ ይነገረው።

ልጅ ከተረት ይልቅ የወላጁን ሥራ ያያል። ስለ ስክሩጅ ስስት በማታ ሰምቶ፣ በማግሥቱ እናቱ የሠራተኛዋን ደመወዝ «ከበዓል በኋላ ነዪ» ብላ ስታዘገይ ያየ ልጅ፣ የሚማረው ከማግሥቱ ነው። ስለዚህ ታሪኩን ለልጆቹ የሚያሳይ ሁሉ አስቀድሞ ሒሳቡን ይጨርስ።