አንገቷን ማን አየው?

እኔ የምለው… «መካን» የምትለዋን ቃል ማነው ሴት ላይ ብቻ የለጠፋት?

ስሙኝማ፣ የአክስቴ ልጅ ባገባች በስድስት ዓመቷ ሻንጣዋን ይዛ ወደ እናቷ ቤት ተመለሰች። ጥፋቷ ምን መሰላችሁ? አልወለደችም፤ በቃ! ሽማግሌ ተቀመጠ፤ «ሰውየው ዘር ያስፈልገዋል» ተብሎ ተፈረደ። ሲፈረድ ዝም ብለው ካዳመጡት አንዱ እኔ ነበርኩ።

በእነዚያ ስድስት ዓመታት ያላደረግናት የለም። ጠበል ወሰድናት፣ «ማህፀን ይጠርጋል» የተባለ ሥራ ሥር አጠጣናት። የወር አበባዋ ሁለት ሦስት ወር ይጠፋ ነበር። ሁልጊዜ ይበርዳታል፣ ይደክማታል። አማቷ «ይህቺ ሰነፍ፣ ከጋቢ ውስጥ አትወጣም» ይሉ ነበር። አንገቷም ወፈር ብሎ ነበር። ሁላችንም አይተን «ደልቷት ነው» አልን!

ከተፋታች በኋላ ነው ድካሙ ሲብስባት ሐኪም ቤት የሄደችው። ደሟ ሲመረመር የታይሮይድ ሆርሞኗ አንሶ ተገኘ። በየቀኑ የምትዋጥ አንዲት ኪኒን ታዘዘላት፤ በወራት ውስጥ የወር አበባዋ ሥርዓት ያዘ። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ይባል የለ? በእሷ እንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሆንነው እኛው ነን።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንቁላል የሚያመርተው ዕጢ ለብቻው አይሠራም። ከአንጎል ሥር ያለው ፒቱታሪ ዕጢ በሆርሞን ትእዛዝ ይልካል፤ እንቁላሉም በዚያ ትእዛዝ በስሎ ይለቀቃል። የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ ወይም ወተት የሚያመነጨው ፕሮላክቲን ሲበዛ ትእዛዙ ይዛባል፤ እንቁላሉም ላይለቀቅ ይችላል። ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድሮም የሚባለውም አለ። በዚህኛው የወንዴ ሆርሞን ይበዛና እንቁላሉ በስሎ ሳይለቀቅ ይቀራል፤ የወር አበባ ይራራቃል፣ ብጉር ይወጣል፣ አገጭ ላይ ፀጉር ይበቅላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች ከ10 እስከ 13 በመቶ የሚሆኑት ይህ ችግር አለባቸው፤ እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ደግሞ እንዳለባቸው አያውቁም። ታዲያ እኛ ሰፈር አገጯ ላይ ፀጉር ያበቀለች ሴት ስናይ ምን እናደርጋለን? እንስቃለን! ብዙዎቹን ግን እንቁላል እንዲለቀቅ የሚረዳ ኪኒን ያግዛቸዋል።

ወንዱስ? ልጅ ካጡት ጥንዶች በግማሽ ያህሉ ችግሩ ከወንዱ ወይም ከሁለቱም ነው። የእሱ የመጀመሪያ ምርመራ ደግሞ መርፌ እንኳን የለውም፤ የዘር ፈሳሽ መስጠት ብቻ ነው። ግን ማን ደፍሮ ይጠይቀዋል? «እኔ እኮ ወንድ ነኝ!» ይላችኋላ። ያ የአክስቴ ልጅ ባል እስከ ተፋቱ ድረስ አንድም ቀን አልተመረመረም።

«ሕክምናው ውድ ነው» የምትሉ አላችሁ። ከማህፀን ውጭ የሚደረገው ፅንስ እውነትም ውድ ነው፤ በመንግሥት ሆስፒታል ደረጃም የቅዱስ ጳውሎሱ ማዕከል ሥራ የጀመረው በ2011 ዓ.ም. ነው። ግን እሱ የመንገዱ መጨረሻ ነው፤ መጀመሪያው የደም ምርመራ ነው። «ጠበሉስ?» ካላችሁኝ፣ ጠበሉን ማን ከለከለ? እየተጠመቁ ደም መስጠት ኃጢአት አይደለም።

የታከመች ሁሉ ትወልዳለች አልልም። ያልወለደችም ብትሆን ግማሽ ሰው አይደለችም። የምለው ሳትመረመሩ አትፍረዱ ነው። አንድ ዓመት ሞክሮ ካልሆነ፣ ሴቲቱ 35 ዓመት ካለፋት ደግሞ በስድስት ወር፣ ባልና ሚስት አብረው ይሂዱ። የወር አበባዋ የሚጠፋባት ከሆነችማ ያንንም አትጠብቅ። እናንተም ሽማግሌ ሆናችሁ የምትቀመጡ፣ ከመፍረዳችሁ በፊት የሁለቱንም የምርመራ ወረቀት ጠይቁ።

የአክስቴ ልጅ ሌላ አግብታ ዛሬ የሁለት ልጆች እናት ናት። በበዓል ስንገናኝ ስማ ነው የምትቀበለኝ። አንገቴን የምደፋው እኔ ነኝ።