የጻፈውም ያስጻፈውም ይጠራ

“ለጦር ኃይል የሠራ ሳይንቲስት ምን ክብር ይገባዋል?” የሚለውን ጥያቄ በመምህራን ማረፊያም ሆነ በሻይ ቤት ደጋግሜ እሰማዋለሁ። ጥያቄ ይምሰል እንጂ መልሱን ይዞ የመጣ ነው። ክርክሩ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ በአሜሪካዊቷ የሒሳብ ሊቅ በዶክተር ግላዲስ ዌስት ስም ነው። ስልካችን ላይ ላለው ጂፒኤስ ትክክለኛነት የእሳቸው ሥራ አስተዋጽኦ አድርጓል። ደመወዛቸውን የከፈለው ግን የአሜሪካ ባሕር ኃይል ነው። ስለዚህ፣ ይላል አስተያየቱ፣ ሚሳኤል ለማነጣጠር የተሠራን ሥራ ለሰው ልጅ የተበረከተ ስጦታ አስመስሎ መሸለም ጦርነትን በሳይንስ ስም ማጠብ ነው።

ይህን ሐሳብ በወሎዋ ሐይቅ ከተማ ተቀምጦ ማቃለል አይቻልም። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት በዚህች ከተማ አልፏል። ቤቱን ጥሎ የተሰደደ፣ ሰው ቀብሮ የተመለሰ ጎረቤት አለን። ድሮን ዒላማውን የሚያገኘው ባጃጅ ነጂው መንገድ በሚፈልግበት በዚያው የሳተላይት ምልክት መሆኑን ለዚህ ሰው ማስረዳት አያሻም። ሐዘንተኛውን ልከራከረው አልሻም። የምከራከረው ከሐዘኑ ላይ ተነሥቶ “እንግዲያው ስሟ አይነሣ” የሚለውን መደምደሚያ ነው።

መጀመሪያ ዌስትን እንወቃቸው። ግላዲስ ዌስት እ.ኤ.አ. በ1930 ቨርጂኒያ ውስጥ በእርሻ ከሚተዳደር ጥቁር ቤተሰብ ተወለዱ። ልጅነታቸው በትንባሆና በበቆሎ ማሳ ውስጥ ያለፈ ነው። በትምህርታቸው ከክፍላቸው አንደኛ ወጥተው የነፃ ትምህርት ዕድል አገኙ፣ ሒሳብ አጠኑ፣ ጥቂት ዓመት አስተማሩ። በ1956 ዳልግረን በሚባለው የባሕር ኃይል የምርምር ጣቢያ ተቀጠሩ። በዘር መለያየት በነገሠበት በዚያ ግዛት በጣቢያው የነበሩት ጥቁር ባለሙያዎች እሳቸውን ጨምሮ አራት ነበሩ። እዚያው 42 ዓመት ሠርተው በ1998 ጡረታ ወጡ።

የሠሩትን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገኝም። የሐይቅ ሐይቅ ውኃ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,900 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል እንላለን። የትኛው ባሕር? ባሕሩ ከአፋር በረሃ ማዶ ነው፤ ከአምባሰል ተራራ ሥር የሚፈስ ባሕር የለም። ቁጥሩ የሚለካው ባሕሩ በየብሱ ሥር ቢቀጥል ኖሮ በስበት ኃይል ተስቦ ከሚይዘው ከታሰበ ወለል ነው። ይህ ወለል ጂኦይድ ይባላል። ለስላሳ እንቁላል አይደለም። ምድር በውስጧ ያላት ክብደት ወጥ ስላልሆነ ወለሉ ይጎብጣል፣ ይሰረጉዳል። ከሕንድ በስተደቡብ ካለው ባሕር ላይ ምድርን ከሚወክለው ሒሳባዊ ቅርጽ ወደ 106 ሜትር ይወርዳል፤ በኒው ጊኒ አካባቢ ከ80 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። ሳተላይትም በምሕዋሩ ሲዞር ይኸው ያልተስተካከለ ስበት ይጎትተዋል። ሳተላይቱ የት እንዳለ በትክክል ካልታወቀ፣ ከእሱ የሚለካው ሰው የት እንደቆመ ሊታወቅ አይችልም። ዌስት በዘመኑ ትልልቅ በሚባሉት ኮምፒውተሮች ላይ ፕሮግራም እየጻፉ፣ ሳተላይቶች በራዳር የለኩትን የባሕር ገጽ ከፍታ እያጠሩ፣ የምድርን ቅርጽ ስሌት ደረጃ በደረጃ ወደ እውነቱ ያስጠጉ ሰው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1978 የመጠቀችው ሲሳት የተባለች ሳተላይት የውቅያኖስን ገጽ ስትለካ መረጃዋን የማቀናበሩን ፕሮጀክት የመሩት እሳቸው ነበሩ።

የምድር ቅርጽ ሒሳብ በተግባር ምን እንደሚያደርግ እኔ የተማርኩት በሐይቁ ዳር ነው። የድሮውን ባለ 1፡50,000 ካርታ ይዤ፣ በደቡብ ምዕራቡ ዳርቻ ደረቅ መሬት ላይ ቆሜ፣ በእጅ ጂፒኤስ ነጥብ ወሰድሁ። ካርታው ላይ በእርሳስ ሳሰፍረው ነጥቡ ውኃ ውስጥ ገባ። መሣሪያው የተበላሸ መሰለኝና ደገምሁት፤ ያው ነው። ወደ ሰሜን ሁለት መቶ ሜትር ያህል፣ ወደ ምሥራቅ መቶ ሜትር የሚጠጋ ፈቀቅ ብሏል። መሣሪያውም ካርታውም አልተሳሳቱም። ካርታው የተሠራው አዲንዳን በሚባለው፣ መነሻው ከግብፅና ከሱዳን ወሰን አካባቢ በሆነው የልኬት መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ1880 በወጣ የምድር ቅርጽ ላይ ነው። ጂፒኤሱ የሚናገረው ደብሊው ጂ ኤስ 84 በተባለው፣ እንደ ዌስት ያሉ ሰዎች የደከሙበት የሳተላይት ዘመን ልኬት በወለደው መሠረት ነው። ሁለት የተለያዩ ምድሮች ላይ ቆሜ ነበር ማለት ይቻላል። ዛሬ ገበሬው ማሳውን አስለክቶ ካርታ ያለበትን የይዞታ ማረጋገጫ ሲቀበል፣ ቀያሹ ይህን ልዩነት ቢረሳ የአንዱ እርሻ በጎረቤቱ ላይ ይተኛል። በእኛ አገር የድንበር ጠብ ምን እንደሚያስከትል የወሎ ሽማግሌ ያውቃል።

አሁን ወደ ከፋዩ እንመለስ። ባሕር ኃይሉ ገንዘቡን ያፈሰሰው ለእኛ ማሳ ብሎ አይደለም። ከሰርጓጅ መርከብ የሚተኮስ ሚሳኤል የስበት ኃይል መዛባት ከመንገዱ ያወጣዋል፤ ስለዚህ ባሕር ኃይሉ ከውቅያኖስ በላይ ያለውን ስበት ማወቅ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1985 ያመጠቀው ጂኦሳት ሳተላይት የሰበሰበው ዝርዝር መረጃ ለዓመታት ምሥጢር ሆኖ ቆይቶ ሙሉ በሙሉ የተለቀቀው በ1995 ነው። ጂፒኤስም ራሱ በ1973 በመከላከያ ሚኒስቴር የተጀመረ ነው። ሲቪሉ የሚያገኘው ምልክት ሆን ተብሎ መቶ ሜትር ገደማ እንዲስት ይደረግ የነበረው እ.ኤ.አ. እስከ ግንቦት 2000 ነው። ይህን ሁሉ ተቃዋሚዎቻችን ሲናገሩ ትክክል ናቸው። ዌስትም የት ቢሮ እንደሚሠሩ ያውቁ ነበር። “ንጹሕ ሒሳብ ብቻ ነው የሠሩት” የሚል መከላከያ አላቀርብም።

ታዲያ ክርክሬ የቱ ላይ ነው? በተቃዋሚዎቹና “የጂፒኤስ እናት” እያሉ በሚያወድሱት መካከል ያለው ልዩነት የሚመስለውን ያህል አይደለም። ሁለቱም ሠራተኛዋን ከከፋዩ ነጥለው ማየት ይፈልጋሉ። አወዳሹ ከፋዩን ይደብቃል፤ ነቃፊው ሠራተኛዋን ይደብቃል። አወዳሹ “ፈጠሩት” ይላል፤ አልፈጠሩትም። የሳተላይት አቅጣጫ ፍለጋ ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1957 ስፑትኒክ የተባለችውን ሳተላይት በሬዲዮ ከተከታተሉት ወጣት ተመራማሪዎች ይጀምራል፤ ሮጀር ኢስተን፣ ኢቫን ጌቲንግ፣ ብራድፎርድ ፓርኪንሰን፣ ስማቸው የማይነሣ ሌሎችም አሉበት። “ፈጠሩት” እና “አስተዋጽኦ አደረጉ” የተለያዩ ቃላት ናቸው። አንድ ግሥ ምን እንደሚያደርስ ለአምባሰል ሰው ልንገረው? በ1881 ዓ.ም. ውጫሌ ላይ የተፈረመው ውል አሥራ ሰባተኛ አንቀጽ በአማርኛው “ይቻላቸዋል”፣ በጣሊያንኛው የግዴታ ሆኖ ነበርና መዘዙ ዐድዋ ድረስ አደረሰን።

የእኛው ባህል ደግሞ ለዚህ ጉዳይ የተሻለ ወግ አለው ብዬ አምናለሁ። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የመጻሕፍት ቤት ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ እ.ኤ.አ. በ1280/81 ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል ዘመናቸው ከሚታወቁት የግዕዝ ብራናዎች ቀደምት ከሆኑት አንዱ ነው። የብራና መጽሐፍ መጨረሻው ላይ ብዙ ጊዜ የጻፈው ሰው ስም ይገኛል፤ ያስጻፈውም ይገኛል። ለጻፈው፣ ላስጻፈው፣ ላነበበው፣ ለሰማው በአንድነት ምሕረት ይለመናል። ያስጻፈው ንጉሥ ከሆነ ንጉሥ ነው ይባላል፤ ለብራናው የከፈለበት ምክንያት የነፍሱ ጭንቅ ይሁን የሥልጣኑ ክብር፣ ስሙ እዚያው ይቀመጣል። ጸሐፊው የንጉሡን በደል ተሸክሞ አይሰረዝም፤ ንጉሡም በጸሐፊው እጅ ውበት ተሸፍኖ አያልፍም።

ስም መሰረዝ ማንን እንደሚጠቅም ልብ እንበል። ዌስት ለአሥርተ ዓመታት ስማቸው ያልተነሣው ሰላም ወዳዶች ስለተቃወሙ አልነበረም። ሥራቸው ምሥጢር ስለነበረ፣ ጥቁር ሴት ስለነበሩ ነው። የአሜሪካ አየር ኃይል የኅዋና የሚሳኤል ፈር ቀዳጆች መዝገብ ውስጥ ያስገባቸው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ ያኔ ዕድሜያቸው ሰማንያ ሰባት ወይም ሰማንያ ስምንት ነበር። በ2021 የብሪታንያ ሮያል አካዳሚ ኦፍ ኢንጂነሪንግ የልዑል ፊሊፕን ሜዳልያ ሲሰጣቸው የመጀመሪያዋ ሴት ነበሩ። አሁን እኛ በሥነ ምግባር ስም ስማቸውን ብናወርደው ሥራው የጦር ኃይሉ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ጄኔራሉን የሚጠይቅ ሰው የለም፤ ከማሳ የወጣችው የሒሳብ ልጅ ግን ተመልሳ ትጠፋለች።

በራሳችን ሰዎች ላይም ይኸው ይደርሳል። ቦንጋ ተወልዶ ባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ የተማረውን፣ በአሜሪካ የኅዋ ሥራ ውስጥ የሠራውን ዶክተር ቅጣው እጅጉን አንዳንዱ “ጂፒኤስን የፈጠረ ኢትዮጵያዊ” ሲል ሰምቻለሁ። ይህ ማክበር አይደለም። የሠራውን ሥራ፣ ለማን እንደሠራው፣ ከእነማን ጋር እንደሠራው ለማወቅ መድከምን ነው የሚያስቀረው።

ወደዚያ ወደ እርሳሱ ነጥብ ልመለስ። ያ ካርታ የመጣበት የልኬት ሥራም በጦር እጅ የተሠራ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የኢትዮጵያና የአሜሪካ የካርታ ሥራ ተልእኮ በአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች አገሪቱን ሲለካ ነበር። የካርታው ኅዳግ ላይ የመሥሪያ ቤት ስም አለ። መሣሪያ ተሸክመው ተራራ የወጡት፣ መንገድ የመሩት፣ የቀበሌውንና የወንዙን ስም ለባዕዱ የነገሩት ኢትዮጵያውያን ግን የሉበትም። “የዚህ ገደል ስም ማን ነው?” ተብለው መልሰዋል፤ መልሳቸው ታትሟል፤ ስማቸው አልታተመም። ያኔ ሃያ ዓመት የነበረው ዛሬ ሰማንያ ዓመት ገደማ ሆኖታል። ለጂኦግራፊ ተማሪዎቼ በዚህ ዓመት የሰጠሁት የቤት ሥራ ይኸው ነው፦ አያቶቻችሁን ጠይቁ፤ ከፈረንጆቹ ቀያሾች ጋር ተራራ የወጣ ካለ ስሙን፣ አባቱን፣ የወጣበትን ተራራ ጻፉ፤ ማን እንደከፈለውና ስንት እንደከፈለውም ጻፉ።