አሥራ አንድ አውራ በአንድ ግቢ… ምን ይሻለኛል?

«ለአምዱ አዘጋጆች፣ የምጽፍላችሁ ከላሊበላ ነው። ዕድሜዬ 26 ሲሆን ድሮ እንግዳ በማስጎብኘት ነበር የምተዳደረው። ኮሮና መጣ፣ ጦርነት ተከተለ፣ እንግዳ ጠፋ። ከጓደኛዬ ጋር ገንዘብ አዋጥተን ሃያ የ45 ቀን ጫጩት ገዛን። አምስቱ ሞቱ። ከቀሩት ውስጥ አሥራ አንዱ ወንድ ሆነው አረፉት! ‹ግድ የለም፣ ለገና ይሸጣሉ› ብለን ከአራቱ ሴቶች ጋር ስንቀልባቸው ቆየን። አሁን ግን ሊተላለቁ ነው። የአንዱ ዓይን ጠፋ፣ የሁለቱ ኩክኔ ተቦጫጨቀ። ኃይለኛውን ለይቼ ሦስት ቀን አሰርኩት፣ ስፈታው ጭራሽ ባሰበት። ጓደኛዬ ‹ባገኘነው ዋጋ አሁኑኑ እንሽጥ› ይላል። እኔ ደግሞ ‹በጾም ማን ይገዛናል?› እላለሁ። በዚሁ ሰበብ ከተኮራረፍን ሳምንታችን። አከራያችን እትዬም በጩኸቱ እንቅልፍ አጥተው ‹ወይ ዶሮዎቹ ይውጡ፣ ወይ እናንተ ውጡ› ብለውናል። ለመሆኑ አውራ ዶሮን እንደ ሙክት ማኮላሸት ይቻላል? እባካችሁ ምከሩኝ።»
ግራ የገባው፣ ከላሊበላ

ወንድማችን ግራ የገባህ፣ ደብዳቤህ ደርሶናል። ከመጨረሻው ጥያቄህ እንጀምርና እንገላገል፦ አታድርገው! የበግና የፍየል ውጭ ላይ ነው፣ ይታያል። የአውራ ዶሮ ግን ሆዱ ውስጥ ከጀርባ አጥንቱ ሥር ተደብቆ ነው ያለው። እርሱን ለማውጣት ጎን መቅደድ ያስፈልጋል፣ ያውም ሥራውን በተማረ ሰው እጅና በጫጩትነቱ። የአንተዎቹ ደግሞ ጎልምሰዋል። በምላጭ ልሞክር ብትል ለገና የሚተርፍልህ ላባ ብቻ ነው።

ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የዶሮዎችህ ጠባይ የተበላሸ መስሎህ እንደሆነ ተሳስተሃል። የተጋጨው የቀን መቁጠሪያው ነው። ወንድ ዶሮ ከአራት ከአምስት ወሩ ጀምሮ ደሙ ይሞቃል፣ ይጮኻል፣ ደረቱን ይነፋል። አንተም የገዛሃቸው ክረምት ላይ ከሆነ ልክ ኅዳር ላይ ጎረመሱ ማለት ነው። ኅዳር 15 ደግሞ ጾመ ነቢያት ይገባና እስከ ገና ድረስ የዶሮ ገበያ ይቀዘቅዛል። ልክ መሸጥ የነበረባቸው ሰዓት ላይ በሩ ተዘጋባቸው። አሥራ አንድ ጎረምሳ፣ አራት ኮረዳ፣ አንድ ጠባብ ግቢ… እንግዲህ ምን ትጠብቃለህ?

ቶርላይፍ ሼልደሩፕ-ኤቤ የሚባል ኖርዌያዊ ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ ዶሮ ሲመለከት አድጎ፣ በ1920ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. አንድ ነገር ለዓለም አሳወቀ። ዶሮ ወንበር ያለው ፍጡር ነው! ማን ማንን እንደሚነክስ፣ ማን ለማን እንደሚለቅ በመካከላቸው የታወቀ ነው። ወንበሩ እስኪያዝ ድረስ ድብድብ አለ። ከተያዘ በኋላ ግን አንድ ዓይን ማፍጠጥ፣ አንድ እርምጃ ወደፊት መሄድ ይበቃል፣ የበታቹ ገለል ይላል። ስለዚህ መጣላታቸው ብቻውን ሊያስደነግጥህ አይገባም። ሊያስደነግጥህ የሚገባው ጠቡ አለማለቁ ነው።

ለምን አላለቀም? ኃይለኛውን ስታስረው ወንበሩ ባዶ ሆነ። ሌሎቹ ለሦስት ቀን እርሱን ለመያዝ ተደባደቡና አዲስ ሹም ሾሙ። አሮጌውን ስትፈታው ሥልጣኑን ሊያስመልስ መጣ… ከዚያ በኋላ ያየኸው ያው ያየኸው ነው። አውራ ዶሮን ለቅጣት ለይቶ መመለስ ብዙ ጊዜ አይሠራም። ከለየኸው በቃ ለይተኸዋል። ደግሞ በእግሩ አስረህ ከሌሎቹ መሀል አታቁመው። የታሰረ ዶሮ መሸሽ አይችልም፤ ጠብ የሚበርደው ደግሞ ተሸናፊው ሲሸሽ ነው። በየገበያው እግራቸው ታስሮ ሲነካከሱ የምናያቸው ዶሮዎች አብዛኛው ጉዳት ከዚህ የሚመጣ ይመስለናል።

አሁን የምታደርገው ይህ ነው። አራቱን ሴቶች ዛሬውኑ ከግቢው አውጣ! ጎረቤት ይሁን ዘመድ ቤት፣ ብቻ ወንዶቹ ከማያዩአቸው ቦታ። ለአንድ አውራ ስምንት፣ አሥር ሴት ነው የሚመከረው። አንተ ዘንድ ግን ሦስት ወንድ ለአንዲት ሴት ሊሞላ ምንም አልቀረው። ሴት ባለበት የሚቀመጥ የወንድ ብዛት እርስ በርሱ መናከሱ ብቻ ሳይሆን ሴቶቹንም ጀርባቸውን ይልጣቸዋል። ወንድ ብቻውን ሲሆን፣ በተለይ አብሮ ያደገ ከሆነ፣ ከአንተ ጓደኞች የተሻለ ይስማማል። (አዲስ አበባ ውስጥ ጉፒ የምትባለዋን ትንሽዬ ዓሣ በመስታወት የሚያረቡ ልጆችም ይህችኑ ዘዴ ያውቋታል። ወንዶቹ ጭራ እየተነካከሱ ሲያስቸግሩ፣ ወይ ለአንድ ወንድ ሁለት ሦስት ሴት ይጨምራሉ፣ ወይ ወንዶቹን ብቻቸውን ያኖራሉ።)

ቀጥሎ መኖው። አንድ ዕቃ ላይ አሥራ አንድ አውራ ካበላህ ሹሙ ዕቃው ላይ ይቆምና ሌላው ጦሙን ያድራል። ጦሙን ያደረ ደግሞ ይነክሳል። መኖውን ሦስት አራት ቦታ በትነው፣ ውኃውንም ሁለት ቦታ አድርገው። ማሽላና ገብስ ብቻ የምትሰጥ ከሆነ የኑግ ፋጉሎ ጨምርበት፤ ገንቢ ምግብና ጨው የጎደለው ዶሮ የጓደኛውን ላባ መንቀል ይጀምራል። እትዬ ጠላ የሚጠምቁ ከሆነ አተላውን ለምነህ አድርቀው፣ ጥሩ ማሟያ ነው። ግቢው ገላጣ ከሆነም እዚህም እዚያም ጆንያ ወጥር፣ የዛፍ ቅርንጫፍ ከምር። ተሸናፊው ከአሸናፊው ዓይን የሚሰወርበት ጥግ ይፈልጋል። ቆጡን ደግሞ በአንድ ቁመት አድርገው። አንዱ እንጨት ከፍ ካለ በየማታው ለእርሱ ጦርነት አለ።

የቆሰሉት ለብቻ ይሁኑ፣ ዛሬ ማታ ሳይሆን አሁን። ዶሮ ደም ሲያይ መንከሱን አይተውም፤ ለዘብ ያሉት እንኳን ይቀላቀላሉ። ቁስሉን ፈልቶ በቀዘቀዘ፣ ጨው ጣል በተደረገበት ውኃ እጠበው። ሐምራዊውን ጂቪ አትቀባው! ለሰው ምግብ በሚውል እንስሳ ላይ እንዳይቀባ በብዙ አገር የተከለከለ ነው። ዓይኑ የጠፋውን ወደ መንጋው አትመልሰው፤ ከታወረበት በኩል ለሚመጣበት መከላከል አይችልም። ሌላም አለ… አዲስ አውራ እንዳትጨምርባቸው። ጠቡ ይቅርና ፈንግል ይዞባችሁ ቢገባ አሥራ አንዱንም በአንድ ሳምንት ሊያስጨርሳችሁ ይችላል።

የእትዬን ነገር ደግሞ አቅልለህ አትየው። ቤታቸው ነው፣ እንቅልፍም ያስፈልጋቸዋል። «ጨለማ ቤት ብዘጋባቸው ዝም ይላሉ» ብለህ አስበህ ይሆናል። አይሉም። የጃፓን ተመራማሪዎች በ2013 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት አውራ ዶሮ የንጋት ብርሃን ባያይም በውስጡ ባለ ሰዓት ሊነጋ ሲል ይጮኻል። በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ የባሰ ነገር አገኙ። አብረው በሚኖሩ አውራዎች መካከል ቀድሞ የሚጮኸው ሹሙ ነው፣ ሌሎቹ በየወንበራቸው ተራ ይከተላሉ! እንግዲህ አንተም ነገ ሌሊት ተነስተህ ማን እንደቀደመ ብትሰማ የግቢህን ሹም አወቅክ ማለት ነው። ጩኸቱን ማጥፋት ስለማትችል ቆጡን ከእትዬ መኝታ ቤት ግድግዳ አርቀህ ወደ ግቢው ማዶ አዙረው። እስከ ገና ብቻ መሆኑንም ቀኑን ቆርጠህ ንገራቸው። ሽማግሌ ካስፈለገም ላክ። ላሊበላ ማኅሌት ሲቆም የሚያድር ከተማ ነው፣ ሌሊት ድምፅ ለመስማት እንግዳ አይደሉም። ግን ድምፅና ድምፅ ይለያያል።

የጓደኛህ ሐሳብ ግማሹ ትክክል ነው፣ ያንተም ግማሹ። አሥራ አንዱንም እስከ ገና ማቆየት በዚያ ግቢ ከባድ ነው። «በጾም ማን ይገዛል?» ላልከው፣ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ጾመ ነቢያትን አይጾሙም እኮ! ከነሕይወቱ ሽጥላቸው፣ በራሳቸው ሥርዓት ያርዱታል። አራት ወይም አምስት አውራ ለይና በአንድ ቀን፣ በአንድ ቅዳሜ ገበያ ሽጥ። በየሳምንቱ አንድ አንድ እየቀነስክ አትሽጥ፣ በየሳምንቱ አዲስ ሹመት ይሆንብሃል። የምትሸጠውም ሹሙን እንዳይሆን ተጠንቀቅ። ብዙ ሰው ኃይለኛው ከሄደ ሰላም ይመጣል ይላል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ወዲያው ይያያዛሉ። ኩክኔያቸው ያልተነካውን፣ ቀዩንና ገብስማውን ለገና አቆያቸው። የበዓል ገዢ ቅድሚያ የሚያየው ላባና ኩክኔ ነው፣ ዋጋውም እዚያ ላይ ነው ያለው።

ከጓደኛህ ጋር መስማማት ካቃታችሁም መለያየት ይቻላል፣ ግን አንዴ ነው። እርሱ ድርሻውን ወደ ራሱ ግቢ ይውሰድ፣ አንተም ያንተን ያዝ። ከሳምንት በኋላ ታርቃችሁ ዶሮዎቹን ልንደባልቅ ካላችሁ ጦርነቱ ከዜሮ ይጀምራል። እናንተ ታረቁ፣ ዶሮዎቹ በየግቢያቸው ይቆዩ።

ሴቶቹን ወስደህ ከሰጠኸው ሰው ጋር ግን ዕንቁላሉ የማን እንደሆነ ቀድመህ ተነጋገር። በዚህ ጉዳይ የሚደርሱን ደብዳቤዎች በርካታ ናቸው።