የጀልባው አጽም ያለ ብየዳ ይገጣጠም

ከመካነ ሰላም ተነሥቶ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ሰው ጠዋት ጋቢውን ደርቦ ይነሣና ወንዙ ዳር ሲደርስ ሸሚዙ በላብ ተጣብቆበት ይገኛል። ቁልቁለቱ ከአንድ ሺህ ሜትር የሚበልጥ ነው። መንገዱም በየቦታው አንድ ጭነት ከብት ብቻ የሚያሳልፍ፣ በአንድ ወገን ገደል በሌላው ወገን ግድግዳ የሆነ የእግር መንገድ ነው። ማዶ ምሥራቅ ጎጃም ይታያል። የቦረና፣ የወግዲና የሳይንት ገበሬ ከማዶ ወገኑ ጋር በጋብቻ፣ በገበያ፣ በእርቅና በለቅሶ የተሳሰረ ነው። የሚያለያየው ውኃው ነው።

ክረምት ሲገባ ዓባይ ጭቃና ግንድ እያንከባለለ ስለሚወርድ መሻገር የሚባል ነገር አይታሰብም። በጋ ሲሆን ውኃው ይጎድላል። ያን ጊዜ ዋና የሚያውቁ ሰዎች የተነፋ ስልቻ በደረታቸው ታቅፈው፣ ዕቃውን በቆዳ ጠቅልለው እየገፉ ያሻግራሉ። አባቶች ያቆዩት ዘዴ በመሆኑ የሚናቅ አይደለም። ይሁን እንጂ ነፍሰ ጡር ሴት በስልቻ አትሻገርም፤ ሕመም የጸናበት ሽማግሌም እንዲሁ። አንድ ኩንታል ጤፍ ውኃ ሳይነካው ማዶ ለማድረስ የሚቻልበት መንገድ የለም። አዞም እዚያው ነው። ድልድይ የቀረበው ሕዝብ ችግሩ ተቃሎለታል። ድልድዩ የቀናት መንገድ የሚርቀው ግን ዛሬም መልካ እየመረጠ መዋኘቱን አልተወም።

በዚህ የተነሣ በወንዙ አቅራቢያ ያለ ገበሬ ማኅበር «አንድ ጀልባ እንኳ ቢኖረን» የሚል አሳብ ቢያነሣ ተገቢ አሳብ ነው። መዋጮ ማሰባሰብም፣ ረዳት ድርጅት መጠየቅም ይቻላል። ዳሩ ግን መሪዎቹ ጀልባ አቀርባለሁ የሚላቸውን ሰው በቅድሚያ ሊጠይቁት የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም ዋጋውን ወይም ቀለሙን የሚመለከት ሳይሆን «አጥንቱ በምን ተያይዟል?» የሚል ነው። መልሱ «በብየዳ» ከሆነ ገንዘቡ ከካዝና ከመውጣቱ በፊት ነገሩ እንደገና ሊታይ ይገባዋል።

ዓባይ የጣና ሐይቅ አይደለም። በጣና ላይ ከደንገል ታስሮ የሚሠራው ታንኳ በረጋ ውኃ ላይ ዘመናት አገልግሏል፤ በሸለቆው ውስጥ ግን ድንጋይና ፏፏቴ አለ። በ1895 ዓ.ም. ማክሚላን የተባለ አሜሪካዊ ዓባይን ተከትሎ ሱዳን ለመድረስ ሲል በተለይ ያሠራቸው የብረት ጀልባዎች ገና ሩቅ ሳይሄዱ ተሰባበሩ። በነሐሴ 1960 ዓ.ም. የተነሣው የእንግሊዝ ጦር መኮንኖች ጉዞ በአውሮፕላን ጭምር እየታገዘ እንኳ አንድ አባሉን ውኃ ወስዶበታል። ስለዚህ እዚህ ላይ የሚነገረው ጀልባ በበጋ ብቻ፣ ውኃው በረጋበት መልካ፣ ከዳር እስከ ዳር ለማሻገር የሚውል ጀልባ ነው። በክረምት ዓባይን በጀልባ አሻግራለሁ የሚል ሰው ቢመጣ በትሕትና ማሰናበት ነው።

እንዲህ ላለው አገልግሎት የሚስማማው ከቱቦ በተሠራ አጽም ላይ ውኃ የማያሳልፍ ወፍራም ሸራ የተወጠረበት ቀላል ጀልባ ነው። አሠራሩ ከጎጆ ቤት ጋር ይመሳሰላል። በወርድ የሚቆሙት የጎድን አጥንቶች እንደ ግድግዳው ቋሚ፣ በርዝመት የሚሄዱት ቱቦዎች ደግሞ እንደ ማገሩ ናቸው። ቱቦው የአልሙኒየም ሲሆን ክብደቱ በተመሳሳይ መጠን ካለው ብረት አንድ ሦስተኛ ያህል ስለሆነ ለተሸካሚው ይመቻል። አልሙኒየም ካልተገኘ ከብረታ ብረት ሱቅ የሚሸጠው ስስ ቱቦላሬ ያገለግላል፤ ክብደቱና ዝገቱ ግን አብሮ ይታሰብ።

ብየዳ የሚያስከትለውን ችግር ዘርዘር አድርጎ ማየት ያስፈልጋል። አልሙኒየም ጥንካሬውን የሚያገኘው በፋብሪካ በሚደረግለት የሙቀት አያያዝ ነው። የብየዳ እሳት ሲነካው ይህ ጥንካሬ በብየዳው ዙሪያ ይፈታል። ለጀልባ በሚመረጠው ዓይነት አልሙኒየም ላይ የሚደርሰው ጉዳት ወደ ግማሽ የሚጠጋ ነው። ስለዚህ የተበየደ አልሙኒየም ሲሰበር በብየዳው ላይ ሳይሆን ከብየዳው አጠገብ ይሰበራል፤ ባለቤቱም በያጁን ይወቅሳል። ከዚህም በላይ አልሙኒየምን በተለመደው የብረት ብየዳ መበየድ አይቻልም፤ ልዩ ጋዝ፣ ልዩ መሣሪያና የሠለጠነ እጅ ይጠይቃል። በየከተማው ያለው የብረት በር ሠሪ ብልኅ ሰው ቢሆንም ለዚህ የሚሆን መሣሪያ አይኖረውም። ስስ ቱቦላሬ ደግሞ ትንሽ እሳት ሲበዛበት ይበሳል። ዚንክ የተቀባ የውኃ ቧንቧ ሲበየድ ከዚንኩ የሚወጣው ጭስ ሠራተኛውን ያሳምማል፤ ቅቡ ስለሚቃጠልም ዝገቱ የሚጀምረው ከዚያው ከመጋጠሚያው ነው።

ይህ ሁሉ ቢቀር እንኳ ቁልቁለቱ አለ። አምስት ሜትር ርዝመት ያለው የተበየደ አጽም በመኪና መካነ ሰላም ይደርስ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ በምን ይወርዳል? በቅሎ ጭና በገደሉ ኩርባ ላይ ልትዞር አትችልም። ስምንት ሰው ቢሸከመውም መንገዱ ስምንት ሰው ጎን ለጎን አያስኬድም። በአንጻሩ ተፈታትቶ የሚገጣጠም አጽም ርዝመቱ ከሁለት ሜትር በማይበልጥ ቱቦ ተከፋፍሎ በአህያ ጎንና ጎን ታስሮ ይወርዳል፤ ሸራው በሌላ አህያ ተጠቅልሎ ይከተላል። እዚያው ወንዙ ዳር አንድ ቱቦ ቢጣመም ያ ቱቦ ብቻ ወጥቶ ይለወጣል። የተበየደው ሲሰበር ግን ኤሌክትሪክ ወዳለበት ደጋ ተመልሶ መውጣት ሊኖርበት ነው። አይወጣም። አሸዋው ላይ ይቀራል፤ እረኞች ይቀመጡበታል።

በዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ። «የታሰረ ነገር ይፈታል፣ ብሎንም ይላላል፤ ብየዳ ግን አንድ አካል ያደርጋል» የሚል ነው። አባባሉ ለመስኮትና ለበር ትክክል ነው። በውኃ ላይ ለሚንቀሳቀስ ነገር ግን መልሱን ከገበሬው በላይ የሚያውቅ የለም፤ ማስረጃውም በየቤቱ ጓሮ ተጋድሟል። ሞፈር ከቀንበር ጋር በምን ተያይዟል? በምራን ነው። ማረሻው ከድግሩ ጋር የተያዘው በወገል ነው። አንድም ቦታ አልተበየደም። ማረሻው ድንጋይ ሲመታ ምራኑ ትንሽ ይሰጣል፣ ሞፈሩ ያዘነብላል፣ በሬው ይቆማል፤ ሞፈሩ ግን አይሰበርም። ሁሉም በአንድ ላይ ቢበየድ ኖሮ የድንጋዩ ምት በሙሉ ከአንድ ቦታ ላይ ያርፍ ነበር። ከወንዝ ድንጋይ ጋር የሚላተም ጀልባም ከዚህ የተለየ ጠባይ የለውም። የማይንቀሳቀስ መጋጠሚያ ዛሬ ጠንካራ ሆኖ ይታይና ከብዙ መናወጥ በኋላ ፀጉር በምታህል ስንጥቅ ይጀምራል። ስንጥቋ ከቀለም ሥር ስለምትሆን አትታይም። የላላ ዳዶ ግን በእጅ ሲነካ ይታወቃል።

ሌላው ዓለምም ይህን ያውቀዋል። በ1949 ዓ.ም. ሐኪሙ ሐነስ ሊንደማን በሸራና በእንጨት በተሠራ፣ በሚፈታታ ክሌፐር ጀልባ የአትላንቲክን ውቅያኖስ ብቻውን በ72 ቀን ተሻግሯል። አገር ውስጥም ጎርፍ ድልድይ በወሰደበት መንገድ ላይ የሚተከለው ቤይሊ ድልድይ የሚገጣጠመው በፒንና በብሎን ነው። እያንዳንዱ ፍሬም ስድስት ሰው እንዲሸከመው ሆኖ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የተነደፈ ነው። የፍሬሞቹ ብየዳ በፋብሪካ ያልቃል፤ ወንዝ ዳር እሳት አይነድም።

ወደ አሠራሩ ሲመጣ ዋናው መጋጠሚያ ቱቦን በቱቦ ውስጥ ማስገባት ነው። ሁለት ቱቦዎች ጫፍ ለጫፍ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ልክክ ብሎ የሚገባ አጭር ቱቦ በውስጣቸው ይደረጋል። ይህ አጭር ቱቦ በየጎኑ የቱቦውን ወርድ ሦስት እጥፍ ያህል መግባት አለበት፤ 30 ሚሊ ሜትር ወርድ ላለው ቱቦ በአንድ ጎን 9 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ከዚህ ቢያጥር ይወላልቃል። ቀዳዳው በትራፓኖ ሲበሳ ከላይና ከታች ሳይሆን ከጎን ይሁን፤ ጀልባው ሲጫን ቱቦው አብዝቶ የሚጨነቀው ከላይና ከታች ነውና። ለዚህ ቱቦ 6 ሚሊ ሜትር ብሎን ይበቃል። ትልቅ ብሎን ጠንካራ ይመስላል፤ የሚጠይቀው ትልቅ ቀዳዳ ግን ቱቦውን ይገድለዋል። መጋጠሚያዎቹም ሁሉ በአንድ መስመር መዋል የለባቸውም። ግንበኛ ጡብ እንደሚያፈራርቅ ሁሉ አንዱ ወደ ፊት፣ ሌላው ወደ ኋላ ይደረግ፤ አለዚያ ጀልባው እንደ መጽሐፍ ይታጠፋል።

ብሎን ሲጠብቅ ስስ ቱቦ ይጨፈለቃል። መከላከያው ከወይራ የተጠረበ ውታፍ ከቱቦው ውስጥ፣ ሮንዴላ ደግሞ ከዳዶው ሥር ማድረግ ነው። በዳዶው ላይ ሁለተኛ ዳዶ ቢጨመር አይላላም። የብረት ብሎን አልሙኒየምን በቀጥታ ሲነካና ውኃ ሲያገኘው አልሙኒየሙን ቀስ በቀስ ይበላዋል፤ ከአሮጌ ካላማዳሪያ የተቆረጠ ቁራጭ በመካከል ቢገባ ይህ ይቀንሳል። ሪቬት የማይፈታ ስለሆነ ከቶ በማይነቀለው ክፍል ላይ ብቻ ይዋል።

ማገሩ ከጎድን አጥንቱ ጋር በሚሻገርበት ቦታ ግን ብሎንም አያስፈልግም፤ ይታሰር። እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚያሻው ነገር አለ። ገበሬው እጁ የለመደው ጠፍር ነው፤ ጠፍር ደግሞ እርጥብ ሆኖ ታስሮ ሲደርቅ እንደ ብረት ይይዛል። ውኃ ሲነካው ግን መልሶ ይላላል። ስለዚህ የአስተሳሰሩ ዘዴ የአባቶች ሆኖ ማሰሪያው የናይሎን ገመድ ወይም በስሱ የተቀደደ የካላማዳሪያ ጎማ ይሁን። ጎማው እየተለጠጠ ሲጠመጠም እርስ በርሱ ስለሚነካከስ አይንሸራተትም። የገመዱ ጫፍ በእሳት ቀልጦ ይዘጋ።

የቱቦን ጫፍ ጨፍልቆ በብሎን መያዝም የሚቻል ነው፤ ለብረት ብቻ። ጠንካራ አልሙኒየም ሲቀጠቀጥ ይሰነጠቃል። ብረቱን ግሎ መጨፍለቅ የሚችል ሰው በየቀበሌው አለ፤ ቀጥቃጩ ነው። ማረሻ የሚስል፣ ወገል የሚያበጅ፣ ለዘመናት ያለ አግባብ ስሙ ሲጠፋ የኖረ ባለሙያ እርሱ ነው። ገበሬ ማኅበሩ ጀልባ ሲያስብ ይህን ሰው ከስብሰባው ጀምሮ ቢያስገባው፣ የሚከፍለውም ለከተማ ሱቅ ብቻ ሳይሆን ለእርሱም ቢሆን ጀልባው የሚጠግነው ሰው አያጣም።

ይህ ሲባል ያለ ብየዳ የተሠራ ጀልባ ድካም የለበትም ማለት አይደለም። ጠባቂ ይፈልጋል። በየጠዋቱ ሰው ከመሳፈሩ በፊት እያንዳንዱ ዳዶ በእጅ መነካት፣ እያንዳንዱ ማሰሪያ መታየት አለበት። አንድ ሰው ዳዶ ፈትቶ ለሌላ ሥራ ቢወስድ ጉዳቱ የአንድ ዳዶ አይደለም። ስለሆነም ኃላፊነቱ በቃለ ጉባኤ ተጽፎ ለአንድ ለታወቀ ሰው ይሰጥ። ለእርሱም ሁለት ቁልፍ፣ ፒንሳ፣ ሴጌቶ፣ ሞረድ፣ በእጅ የሚዞር ትራፓኖ፣ ጥቂት ትርፍ ብሎንና ዳዶ፣ ሁለት ትርፍ ቱቦ፣ የሸራ መጠገኛ በቁጥር ይረከበው። የመሣሪያው ዋጋ በጀልባው ዋጋ ውስጥ ካልታሰበ ጀልባው ከአንድ በጋ አያልፍም። ክዳናቸው የጠበቀ ባዶ ጀሪካኖች በጀልባው ሁለት ጫፎች ከአጽሙ ጋር ይታሰሩ፤ ጀልባው ቢገለበጥ እንኳ ሰው የሚይዘው ነገር ይኖራል። የሚጭነው ሰው ቁጥር በሸራው ላይ በቀለም ይጻፍ፤ የገበያ ቀን መጣደፍ ይህን ቁጥር መለወጥ የለበትም።

ግንቦት ሲጋመስ ጀልባው ይፈታል። ቱቦው ተቆጥሮ፣ ታጥቦ፣ በየቁጥሩ ምልክት ተደርጎበት ወደ ደጋው ይወጣና በማኅበሩ መጋዘን ይቀመጣል፤ ሸራው አይጥ በማይደርስበት ይሰቀላል። ኅዳር ላይ እንደገና ሲገጣጠም የመጀመሪያው ቀን ሰው አይሳፈርበትም። በረጋ ውኃ ላይ በገመድ ከዳር ታስሮ አሸዋ የተሞላ ጆንያ እንደ ሰዎቹ ክብደት ይጫንበታል፤ ከጠዋት እስከ ማታ እየተናጠ ይውላል። ማታ ጆንያው ሲወርድ ጠባቂው የላሉትን ዳዶዎች አንድ በአንድ ቆጥሮ ይመዘግባል፤ ያጠብቃቸዋል፤ በማግሥቱም ይደግመዋል።