ክኒኑ የሸፈነው ውድቀት

በላስታ የኤች አይ ቪ ሕክምና ወደ ኋላ እየሄደ ነው ሲባል ብዙ ሰው መድኃኒት የጠፋ ይመስለዋል። እኔ የምለው ሌላ ነው። ክኒኑ ከቀድሞው እጅግ ተሻሽሏል፤ የላላው ሕመምተኛውን የሚከታተለው እጅ ነው። መላላቱ ቶሎ ያልታየንም ክኒኑ ጥሩ ስለሆነ ነው።

ነፃ ሕክምናው በ1997 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ ለዓመታት በብዛት ይታዘዙ ከነበሩት መድኃኒቶች አንዱ ኤፋቪረንዝ ነበር። ማታ ሊተኙ ሲሉ ይዋጣል፤ ራስ ያዞራል፤ ቅዠት ያመጣል። መጠኑ ለአዋቂ ሁሉ 600 ሚሊ ግራም ነበር፤ የሰው ጉበት ግን እንደ መጠኑ አንድ ዓይነት አይደለም። በስዊድን ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት የሚሠሩት የፋርማኮሎጂ ተመራማሪ ፕሮፌሰር እሌኒ አክሊሉ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው ጋር ለዓመታት የተከታተሉት ይህንኑ ነው። ኤፋቪረንዝን የሚሰባብረው የጉበት ኢንዛይም በአንዳንዱ ሰው ዘንድ በውርስ ደካማ ነው፤ በእንዲህ ያለ ሰው ደም ውስጥ መድኃኒቱ ይከማቻል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው ጥናታቸው የኢትዮጵያና የታንዛኒያ ሕመምተኞችን አነጻጽሮ፣ የዘረ መል ልዩነቱ ከግምት ገብቶም ቢሆን በታንዛኒያውያኑ ደም ውስጥ የመድኃኒቱ መጠን ከፍ ብሎ አግኝቶታል። «ለአፍሪካውያን» ተብሎ በጅምላ የሚወጣ መጠን ምን ያህል ግምት እንዳለበት ከዚህ ይታያል።

ይህ ዕውቀት ለደጋው ሕመምተኛ ምን ይፈይዳል? መድኃኒት በሚቋረጥበት ቀን ብዙ ይፈይዳል። ኤፋቪረንዝ ከደም ቶሎ አይወጣም፤ ኢንዛይሙ ደካማ በሆነበት ሰው ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። አብረውት የሚዋጡት ቀድመው ሲያልቁ ቫይረሱ አንድ መድኃኒት ብቻ ይገጥመዋል፤ ያን አንዱን ለመልመድ ደግሞ አንዲት የዘረ መል ለውጥ ትበቃዋለች። ስለዚህ መንገድ በተዘጋ ቁጥር መድኃኒቱ ራሱ የመላመድ በር ይከፍት ነበር።

የላስታዋ ላሊበላ ሐምሌ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. በሕወሓት ኃይሎች እጅ ስትወድቅ ግን ብዙዎቹ አዋቂዎች ወደ አዲሱ መድኃኒት ወደ ዶሉቴግራቪር ተዛውረው ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት መድኃኒቱን ቀዳሚ ምርጫ ካደረገው ያኔ ገና ጥቂት ዓመት መሆኑ ነበር። ቫይረሱ ዶሉቴግራቪርን በቀላሉ አይለምደውም። እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ከተማዋ እጅ ስትለዋወጥ፣ መብራት፣ ስልክና ባንክ ተቋርጦ፣ ወደ ወልዲያ የሚወስደው መንገድ ጋሸና ላይ የጦር ሜዳ ሆኖ ሳለ የተዘለለው ክኒን በኤፋቪረንዝ ዘመን ቢሆን የባሰ ዋጋ ያስከፍል ነበር። ማንም ያቀደው ጥንቃቄ አልነበረም፤ የጊዜ መገጣጠም ነው።

ችግሩ መገጣጠሙን እንደ ሥርዓት ጥንካሬ መቁጠሩ ላይ ነው። ቫይረሱ በደማቸው የተገታላቸውን በመቶኛ የሚያሳየው የቫይራል ሎድ ሪፖርት የሚቆጥረው ቀጠሮውን አክብሮ ደም የሰጠውን ብቻ ነው፤ የጠፋው ሰው መቶኛው ውስጥ የለም፤ እንዲያውም በመጥፋቱ መቶኛውን ያሳምረዋል። ሳንባ ነቀርሳ ሲጨመር ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። የሳንባ ነቀርሳው መድኃኒት ሪፋምፒሲን ዶሉቴግራቪርን በደም ውስጥ ስለሚያሳንሰው፣ 50 ሚሊ ግራሙ በቀን አንዴ መሆኑ ቀርቶ በየ12 ሰዓቱ መሰጠት አለበት። ይህን አስቦ ሁለተኛዋን ክኒን የሚጨምር፣ ሕመምተኛውም ማታ መዋጧን የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል።

ክኒኑን ትቶ በጠበል ብቻ የመታመን ነገርም እንዲሁ የሚከታተል ሰው ይፈልጋል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበሉም መድኃኒቱም አብረው ይወሰዱ ብለው በይፋ ተናግረዋል፤ ለገና በዓል ሊሳለም ላሊበላ የሚወጣ ምእመን ይህን ከሰማ ክኒኑን ቤት ጥሎ አይመጣም። እንዲሰማ ግን በየክትትሉ የሚነግረው አማካሪ መኖር አለበት። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ እርዳታ ሲቆም ግን በዚያው ገንዘብ ተቀጥረው የኤች አይ ቪ ሥራን ይደግፉ የነበሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ውል በአገሪቱ ተቋርጧል። ላስታ ባለችበት በአማራ ክልል ይህ የደረሰው ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ባልበረደ ውጊያ ላይ ነው።

በእኔ ግምት የፋርማኮሎጂ ጥናቱም እዚህ ላይ ጉድለት አለበት፤ ናሙናው በአብዛኛው ወደ ሆስፒታል መምጣት ከቻለ ሰው የተቀዳ ነው። ስለ ጉበት ኢንዛይም ብዙ ተምረናል፤ ሦስት ወር ያለ ክኒን ተራራ ላይ ስለቆየው ሰው የተማርነው ትንሽ ነው። ዶሉቴግራቪርም ቢሆን በቀላሉ አይለመድም እንጂ አይለመድም አልተባለም። ቫይረሱ የለመደው ዕለት ተለዋጩ መድኃኒት የሚወደድና ክኒኑ የሚበዛ ነው፤ መለመዱ የሚታወቀውም ከላስታ የተቀዳው ደም ላቦራቶሪ መድረስ ከቻለ ነው።