ቅኔውን ከባለቅኔው ጋር አንቅበረው

ለእድራችን አባሎች በሙሉ፣

እንደሚታወቀው እድራችን ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ሐዘንተኛ ያጽናናል። እኔ ዛሬ በዚህ ሰሌዳ ላነሣው የፈለግሁት ከሟቹ ጋር አብሮ ስለሚቀበረው ነገር ነው።

ጎጃም በቅኔ የታወቀ አገር ነው። ዋሸራና ጎንጅ ከወሎው ዋድላ ጋር የቅኔ መንገድ መጠሪያ ሆነዋል፤ በቢቸና በኩልም ዲማ ጊዮርጊስ አለ። እዚህ ሉማሜ «አያቴ ቅኔ አዋቂ ነበሩ» የሚል ሞልቷል። ምን ተቀኙ? ሲባል ግን ዝም ነው።

ዜማው የቅዱስ ያሬድ ነው፤ ግዕዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ ተብሎ ምልክት አለው፣ ድጓውም በብራና ተጽፎ ይኖራል። ቅኔው ግን የዚያ ቀን ነው። ሁለት ቤት ጉባኤ ቃናም ይሁን ስምንት ቤት መወድስ፣ ለዕለቱ በዓል ይቆጠራል፣ በማኅሌት ይባላል፣ አለቀ። የእኔም አያት ዲማ ተምረው የመጡ ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን ተቀኝተው ከቤታችን የቀረው መቋሚያቸው፣ ጸናጽላቸውና አክስቴ ግዕዙን ሳታውቅ በጆሮዋ ይዛ የምትላት አንዲት ጉባኤ ቃና ናት። እሷንም አንድ የኔታ ሰምተው «ሁለተኛው ቤት ቃል ጎድሎታል» አሉ። የጎደለውን ማን ይሙላው?

አንዳንድ ሽማግሌዎች «ቅኔ አይደገምም፣ ለምን ይጻፋል?» ይላሉ። አከብራቸዋለሁ። ነገር ግን ክልከላው የሌላውን የራሴ ነው እንዳንል ይመስለኛል እንጂ የልጅ ልጅ እንዳያስታውስ አይደለም። ተማሪውስ የሚማረው የመምህሩን ቅኔ እየቀጸለ አይደለም እንዴ? ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1918 ዓ.ም. የሊቃውንቱን ቅኔ ሰብስበው አሳትመዋል። ከደብረ ኤልያስ የወጡት ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤም ያረፉት በ1939 ዓ.ም. ነው፤ እስከ ዛሬ የምንጠራቸው ግጥማቸው በወረቀት ስለተገኘ ነው።

ባለፈው ስብሰባ ከእድሩ ሣጥን ወንበር ይገዛ ተብሏል። በበኩሌ ወንበሩ ይቆይ እላለሁ። የድሮው ቢጠገን አንድ ዓመት ያስቀምጠናል፤ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው አባት ግን ዓመት አይጠብቁንም። አንድ ድምፅ መቅጃና ሁለት ወፍራም ደብተር ይገዛ። በስልክ ይቀዳ የሚሉ አሉ። ይቻላል፣ ግን ስልኩ ሲጠፋ ወይ ሲሸጥ አብሮ ይሄዳል። ግዕዝ የሚያውቅ ዲያቆን ከድምፁ ወደ ደብተሩ ይገልብጥ፤ የባለቅኔው ስም፣ በዓሉና ዓመቱ ይግባ። ሰሙንና ወርቁን ራሳቸው ይፍቱልን፣ እነሱ ካለፉ እኛ አንፈታውም። መንዙማ የሚያውቁ ሙስሊም አባቶቻችንም በዚያው መዝገብ ይግቡ፤ እድሩ የሁላችን ነው።

የመቅጃውን ዋጋ ጠይቄ ለሚቀጥለው ስብሰባ አቀርባለሁ። እስከዚያ ቅኔ አዋቂ አያት በቤቱ ያለው፣ ወይም የአያቱን ደብተር በሣጥን ያስቀመጠ ለእኔ ይንገረኝ። ደብተሩን ይዞ መምጣት አያስፈልግም፣ እኔው ቤት ድረስ እመጣለሁ።

የእድሩ ጸሐፊ