የቀረው ሥራ፣ ያልተቀየረው ኮድ
እንግሊዝ አገር ቀን ጽዳት፣ ማታ ጥበቃ የሚሠሩ ወገኖቻችን ዋናውን ሥራ ሲለቁ የግብር ኮዳቸው ይዘነጋል። ከግብር ነጻ የሆነው የዓመቱ 12,570 ፓውንድ አብዛኛውን ጊዜ የተመዘገበው በለቀቁት ሥራ ላይ ነው፤ የቀረው ሥራ «ቢአር» በተባለው ኮድ ከመጀመሪያዋ ፓውንድ ጀምሮ 20 በመቶ መቁረጡን ሊቀጥል ይችላል። ብዙው ሰው አሠሪውን ይወቅሳል፤ አሠሪው ግን ከግብር መሥሪያ ቤቱ ማስታወቂያ ሳይደርሰው ኮዱን በራሱ አይቀይርም። ስለዚህ ፒ45 የሚባለውን የስንብት ወረቀት ይዞ ወደ መሥሪያ ቤቱ መደወል ነው፤ በትርፍ የተቆረጠውን እስካለፉት 4 የግብር ዓመታት ድረስ ወደ ኋላ ሄዶ ማስመለስም ይቻላል። እኔን የሚያንገበግበኝ፣ አሠሪው ስንብቱን ለመሥሪያ ቤቱ የማሳወቅ ግዴታ እያለበት፣ እርማቱን የመከታተሉ ሸክም በስልክ እንግሊዝኛ መናገር በሚያስጨንቃት እናት ላይ መውደቁ ነው።